ሙቅ ቤት የሌለው ሱልካታ አይግዛ
ከኢትዮጵያና ከሱዳን እስከ ሴኔጋል ባለው ደረቅ ምድር የሚኖረው ሱልካታ ኤሊ የብርዱን ወራት ተኝቶ አያሳልፍም፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲደራረቡበት ሳንባው ይታመማል። አሜሪካ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ መዳፍ የሚያክል ሳለ ይገዛና፣ ከ40 ኪሎ በላይ ሲሆን ለጓሮ ብርድ ይተዋል። ይህ ግፍ ነው፤ ሙቅ ቤት መሥራት ከአቅም በላይ አይደለምና። ለግድግዳው በሁለት ኮምፔንሳቶ መካከል ጠንካራ ፎም ይገባል፤ ጣሪያውና ወለሉም እንደዚያው። ኤሊው ነክሶ እንዳይውጠው ፎሙ የትም ቦታ መጋለጥ የለበትም። በሩ ላይ ገፍቶ የሚያልፍባቸው ወፍራም የላስቲክ ቁራጮች ይንጠለጠላሉ። ከፍርግርግ ጀርባ የቆመ የዘይት ማሞቂያ፣ በቴርሞስታት ቁጥጥር እየተደረገበት፣ ሌሊቱን የቤቱን ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ያቆየዋል፤ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ብርቱ አምፖል ግን የጀርባውን ቅርፊት ያቃጥላል። ዕድሜው 50 ዓመትን ሊሻገር የሚችል እንስሳ ነውና፣ ይህን ቤት ለመሥራት ያልተዘጋጀ ሰው ባይገዛው ይሻላል።