የተከራየ ክፍል ቁልፍ፦ የባለቤትነት መብት ደጃፍ ላይ ይቆማል

የመቄት ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ፍላቂት ከተማ በኪራይ ቤት የሚኖሩት መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ብቻ አይደሉም። ከገጠር ቀበሌዎች ለትምህርት የሚመጡ የአርሶ አደር ልጆችም ክፍል ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከቤተሰብ እያመጡ ይማራሉ። ብዙ ጊዜ አከራይና ተከራይ በአንድ ግቢ ይኖራሉ፤ የመብራት ቆጣሪውም የጋራ ነው። ይህ ቅርበት አንድ ጥያቄ ያስነሣል፦ የቤቱ ባለቤት ያከራየውን ክፍል በፈለገ ጊዜ ገብቶ መፈተሽ ይችላልን?

የአገሪቱ ሕግ መልስ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13፣ ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ ማንም ሰው ያለ ነዋሪው ፈቃድ ወደ መኖሪያው እንዳይገባና ፍተሻ እንዳይካሄድ ይከለክላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወትን በማስከበር፣ መኖሪያ ቤትንና ንብረትን ከፍተሻ ይጠብቃል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 604 የሰውን መኖሪያ መድፈር ያስቀጣል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ጥበቃው የተሰጠው በቤቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለሚኖረው ሰው መሆኑ ነው። ስለዚህ ኪራይ የሚከፍል ተማሪ፣ ክፍሉ ምንም ያህል ጠባብ ቢሆን፣ የዚህ መብት ባለቤት ነው።

የአከራዩም ሥጋት ግን ከንቱ አይደለም። በአንድ ቆጣሪ ላይ የተደራረቡ የኤሌክትሪክ ምጣዶች ሽቦ ያቃጥላሉ፤ ጣሪያ ያፈስሳል፤ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ ንብረቱን ካላየ ሊጠግነው አይችልም። ተከራዩም ቤቱን በጥንቃቄ የመያዝ፣ አስቸኳይ ጥገና ሲያስፈልግም ሥራውን ያለማደናቀፍ ግዴታ አለበት። ቤት ሲቃጠል ፈቃድ ይጠየቅ የሚል የለም። ልዩነቱ ያለው ቤትን በማየትና ሰውን በመፈተሽ መካከል ነው፤ ጣሪያን ማየት ሣጥን ከፍቶ መበርበርን አይጨምርም።

ሁለቱን ጥቅሞች የሚያስታርቀው የጽሑፍ ውል ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። አዋጁ ተፈጻሚ ባልሆነባቸው ከተሞችም ቢሆን፣ የቃል ስምምነት ጠብ ሲነሣ ማስረጃ ለማቅረብ ያስቸግራል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት አከራይ ለጥገና ወይም ለዕይታ ለመግባት ሲፈልግ በመደበኛነት ከ24 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ይህን የመሰለ ሐሳብ በፍላቂት ውል ላይ ማስፈር የሚከለክል ነገር የለም፦ አከራዩ ከአንድ ቀን በፊት እንዲያስታውቅ፣ ተከራዩ ባለበት በቀን እንዲገባ፣ ትርፍ ቁልፍ በማን እጅ እንደሚቆይና ያለ ማስታወቂያ የሚያስገቡት እሳትን የመሰሉ አደጋዎች ብቻ እንደሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

ተከራዩ ያለ በቂ ምክንያት ዕይታን ቢከለክል፣ ለአከራዩ የሽማግሌና የፍርድ ቤት መንገድ ክፍት ነው፤ በር መስበር ግን መንገድ አይደለም። ልጁን ለትምህርት ወደ ከተማ የሚልክ አርሶ አደርም የወር ኪራዩን ሲደራደር፣ ስለ ቁልፉም አብሮ ሊነጋገር ይገባዋል።