የሶላር ገበያ የጎደለው ብድር ነው

የኢትዮጵያ የሶላር ገበያ ስፋት የሚለካው መብራት ባልገባባቸው ቤቶች ብዛት ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዛሬም የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ መብራት ለሁሉም ዜጋ ለማዳረስ ሲያቅድ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በተለይም በፀሐይ ኃይል ለመሸፈን አስቦ ነበር። ቀነ ገደቡ አልፏል፤ ሥራው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ሶላር አያስፈልግም የሚል ሐሳብ ይሰማል። ይህ ስህተት ነው። ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ያንን ኃይል እስከ ጎጆው ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። በየሸንተረሩ ተበታትኖ ለሚኖር ገበሬና ከብቱን ተከትሎ ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ማዳረስ ብዙ ዓመትና ብዙ የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። መስመሩ በደረሰበትም ቢሆን ሶላርና ግድብ ይደጋገፋሉ። የግድቦች ውኃ የሚቀንሰው በበጋ ነው፤ ፀሐይ የምትበረታውም ያን ጊዜ ነው።

ገበያውን የቀየረው የፓነል ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ለአንድ ዋት ወደ 2 ዶላር ይጠየቅበት የነበረው ፓነል በ2024 ከቻይና ፋብሪካ የሚወጣው በ10 የአሜሪካ ሳንቲም አካባቢ ሆኗል። ፓኪስታን በዚያው ዓመት ብቻ 17 ሺህ ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ ፓነል ከቻይና አስገብታለች። እዚያ ሰውን ያነሳሳው የመንግሥት ዘመቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ክፍያው ውድነት ነው፤ ባለ ፋብሪካውም፣ ገበሬውም፣ ባለ ሱቁም በራሱ ገንዘብ ጣሪያው ላይ ፓነል ሰቀለ። የአፍሪካ አገሮችም እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 2025 በነበሩት አሥራ ሁለት ወራት 15 ሺህ ሜጋ ዋት ያህል አስገብተዋል፤ ይህም ከቀደመው ዓመት በ60 በመቶ ይበልጣል።

እስካሁን በኢትዮጵያ ገጠር የተሸጠው ሶላር በአብዛኛው ኩራዝን የሚተካ አነስተኛ መብራትና የሞባይል ቻርጀር ነው። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ልጅ ያጠናበታል፣ ቤቱ ከጭስ ይድናል። ሆኖም መብራት ወጪ ይቀንሳል እንጂ ገቢ አያመጣም፤ ስለዚህ ነጋዴው በብድር ለመሸጥ ይፈራል። እውነተኛው ንግድ ያለው የውኃ ፓምፑ ላይ ነው። በመቂ፣ በባቱና በፎገራ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ ውኃ የሚስበው በቤንዚን ወይም በናፍጣ ሞተር ነው። የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ዋጋው በተደጋጋሚ ጨምሯል። ማደያ በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ነዳጁ በጄሪካን እየተቀዳ፣ በየእጁ ትርፍ እየተጨመረበት ነው የሚደርሰው። በሶላር የሚሠራ ፓምፕ ሲገዛ ውድ ነው፤ ከተገዛ በኋላ ግን ነዳጅ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍል ገቢ ከራሱ ይወጣል፤ ክረምትን ብቻ ጠብቆ ያመርት የነበረ ማሳ በመስኖ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ያፈራልና። ወፍጮን በሶላር ማሠራት ግን ይከብዳል። ሞተሩ ሲነሣ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ፓነሉም ኢንቨርተሩም ከፍ ያለ መሆን አለበት፤ ወጪው ስሌቱን ያጠበዋል። የወተት ማቀዝቀዣ በሁለቱ መካከል ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ሊዘነጋ አይገባም። ነዳጅ የማይጠይቅ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ውኃ ቢስብ ባለቤቱን የሚያስቆመው ወጪ የለም። የሐረማያ ሐይቅ እስከ መድረቅ የደረሰው ለመስኖና ለመጠጥ ከመጠን በላይ ውኃ በመሳቡ ጭምር ነው። ፓምፕ የሚያበድር ሁሉ የጉድጓዱንና የሐይቁን አቅም አብሮ ማስጠናት ይገባዋል።

ኬንያ ለብድሩ ጥያቄ ቀደም ብላ መልስ አግኝታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ለሽያጭ የቀረበው የኤም-ኮፓ ኩባንያ የሶላር መሣሪያ ገዢው ጥቂት ቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በየቀኑ በኤም-ፔሳ የሞባይል ገንዘብ በትንሽ በትንሹ የሚያወራርደው ነበር። ክፍያው ሲቋረጥ በውስጡ ያለው ሲም ካርድ መሣሪያውን ይቆልፈዋል፤ ሲከፈል ይከፍተዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሊሠራ ያልቻለው ለብዙ ዓመታት የሞባይል ገንዘብ ባለመስፋፋቱ ነበር። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ግን ያ ሰበብ አይሆንም።

አስመጪው በበኩሉ ሌላ ችግር ገጥሞታል። ለዓመታት የባንክ መተማመኛ ሰነድ (ኤልሲ) ለመክፈት ወረፋ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ፓነሉ በዶላር የረከሰውን ያህል በብር አልረከሰም ማለት ነው። የልማት ባንክ በዓለም ባንክ ገንዘብ ለአስመጪዎች ያቀረበው የብድር መስመር ረድቷል፤ ዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ2021 ከመስመር ውጭ ያለውን ጨምሮ ለኤሌክትሪክ አቅርቦት 500 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል። ገበሬው ዘንድ ግን ገንዘቡ ተንጠባጥቦ ነው የሚደርሰው። ጥራትም ሌላ ፈተና ነው፤ በመርካቶ ያለ ዋስትና የሚሸጥ፣ ከአንድ ክረምት የማያልፍ ባትሪ ብዙ ገዢዎችን እምነት አሳጥቷል። በየወረዳው የሠለጠነ ጠጋኝ ከሌለ ያ እምነት አይመለስም።

ትልልቆቹ የፀሐይ ማመንጫዎችም በዚሁ የምንዛሪ ሥጋት ተሰናክለዋል። በሶማሌ ክልል በጋድ፣ በአፋር በዲቼቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የታቀዱት የአኳ ፓወር ኩባንያ ጣቢያዎች ዋጋቸው በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ብቻ ነበር። በአፍሪካ ከታዩት እጅግ ርካሽ ዋጋዎች አንዱ ነው፤ ይሁንና አልተገነቡም። ባለሀብት የሚሰበስበው ብር፣ የሚከፍለው ዕዳ ዶላር ሲሆን ርካሽ ዋጋ ብቻውን አያስተማምንም። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቶዮ የተባለው ኩባንያ የሚያመርተው የፀሐይ ሴል ደግሞ የታለመው ለአሜሪካ ገበያ ነው። አገሪቱ የፓነሉን ልብ አምርታ ወደ ውጭ እየላከች፣ ያለቀውን ፓነል ግን በዶላር ታስገባለች። ከዚያው ሴል ለአገር ውስጥ ገበያ ፓነል የሚገጣጥም ፋብሪካ ቢኖር የፓምፑ ዋጋ ይቀል ነበር።

ይሁንና ፋብሪካ ሳይጠበቅ ዛሬ ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። የንግድ ባንኮች ለብድር የሚጠይቁት ቤት፣ ሕንፃ ወይም መኪና ነው፤ አብዛኛው ገበሬ ይህ የለውም። በተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሚሰጥ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ግን መሣሪያን፣ ከብትንና ምርትን ለብድር መያዣ ማድረግን ፈቅዷል። የሶላር ፓምፕ ለዚህ ይመቻል፤ መለያ ቁጥር አለው፣ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ከርቀት ይቆለፋል፣ ቢመለስም ይሸጣል። ባንኮችና የብድርና ቁጠባ ተቋማት ፓምፑን ራሱን መያዣ አድርገው፣ ክፍያውን ከወር ወደ ምርት መሰብሰቢያ አዛውረው፣ ከመጪው የበጋ መስኖ በፊት ማበደር ይጀምሩ።