ጓደኛ አስተርጓሚ አይደለም

ባለፈው ሴሚስተር መስማት የተሳናት የዶርም ጓደኛዬ ታማ ግቢያችን ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። ስሟ ሦስቴ ተጠራ። እኔ ባልኖር ተራዋ ያልፋት ነበር። ውስጥ ስንገባ ደግሞ ነርሷ እሷን ትታ እኔን "ምን ሆና ነው?" አለችኝ። እኔ የማውቀው የምልክት ቋንቋ ዶርም ውስጥ የለመድኩትን ብቻ ነው። ስለ ወር አበባዋ ስትጠየቅ ፊቴን አየችና "ደህና ነኝ" አለች። ደህና እንዳልነበረች የነገረችኝ ከሳምንት በኋላ ነው።

"ጽፋ ታስረዳ" የሚሉ አሉ። ግን መስማት ለተሳናቸው ለብዙዎቹ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑን አንርሳ። በዚያ ላይ ሕመም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ አያልቅም።

አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ አንቀጽ 25 የሚናገረው ስለ ጤና ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ስለዚህ "ባለሙያ የለም" ማለት አያስኬድም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ተራ በቁጥር ተጽፎ ይታይ፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ምስጢር የሚጠብቅ አስተርጓሚ ይመደብ። እኔማ ጓደኛዋ ነኝ። ጓደኛ ደጅ ቁጭ ብሎ ነው መጠበቅ ያለበት።