ለተክል የሚበራ መብራት በዋት ብቻ አይገዛ

ስለ እርሻ ሲነገር ዘወትር የሚወሱት ማረሻው፥ ዘሩና ዝናሙ ናቸው። ነገር ግን ባሁኑ ዘመን አንዳንዱ ተክል ማሣ ከመድረሱ አስቀድሞ በቤት ውስጥ፥ በመደርደሪያ ላይ፥ በኤሌክትሪክ ብርሃን የሚያድግ ስለ ሆነ፥ የአምፑል ነገር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በአበባ እርሻዎቻችንም ሌሊት የሚበራው መብራት የምርቱን ጊዜ ይወስናል። ስለዚህ ይህን ዕቃ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች፥ ማኅበሮችና የእርሻ ባለቤቶች ከገንዘቡ በፊት ዕቃውን እንዲያውቁት ለማሳሰብ እንወዳለን።

መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው፥ አምፑሉ ስንት ዋት ነው የሚለው ሳይሆን ብርሃኑ ለምን ተፈለገ የሚለው ነው። ብርሃን ለተክል ሁለት ልዩ ልዩ አገልግሎት አለው። አንደኛው ምግቡን የሚያዘጋጅበት ኃይል መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ቀኑ የረዘመ ወይም ያጠረ መሆኑን የሚያውቅበት ምልክት መሆኑ ነው። ይህን ሁለተኛውን ነገር ጋርነርና አላርድ የተባሉ የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ሊቃውንት በ1920 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ባወጡት ጽሑፍ ገልጠውታል። በአንድ የትምባሆ ዓይነት ላይ ሲመራመሩ፥ እንዲያብብ ያደረገው ሌላ ሳይሆን የቀኑ ማጠር መሆኑን ደረሱበት።

አገራችን ለምድር ወገብ የቀረበች በመሆኗ፥ በአዲስ አበባ የዓመቱ ረዥም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ስለሚሆን፥ በአጭር ቀን የሚያብበው ክሪሳንተመም ቁመቱ ሳይረዝም ያብባል። ሃይፐሪከምና ጂፕሶፊላ ግን በተቃራኒው እንዲያብቡ ረዥም ቀን ይሻሉ። ስለዚህ ሌሊቱን በብርሃን ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ማብራትም የተለመደ ነው። ለዚህ ምልክት 100 ሉክስ ያህል ብርሃን ይበቃል። የቀትር ፀሐይ ግን 100,000 ሉክስ ይደርሳል።

እንግዲህ ፀሐይ በነጻ የምታበላውን ተክል በ1,000 ዋት ፓውዛ ለማብላት መድከም ምን ይጠቅማል? ይህ ትልቅ የሶዲየም አምፑል ፀሐይ ለምትደክምበት ለሆላንድ ክረምት የሚስማማ ነው። ለእኛ ሌሊት ከመጠን በላይ ከመሆኑም ሌላ፥ በርቶ ሙሉ ብርሃኑን እስኪሰጥ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ከጠፋም በኋላ ሳይቀዘቅዝ አይበራም። ትንንሾቹ የኤል.ኢ.ዲ. አምፑሎች ግን ወዲያው ስለሚበሩ፥ በየግማሽ ሰዓቱ 10 ደቂቃ ብቻ እያበሩ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ያስችላሉ። ለክሪሳንተመም ቀይ ብርሃን ይበቃዋል። ረዥም ቀን ለሚሹት ግን ዓይናችን እምብዛም የማያየው ሩቅ ቀይ ብርሃን ቢጨመርበት ይመረጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 እስከ 2012 ከገበያ ያስወጣው የድሮው ባለ ክር አምፑል በአትክልተኞች ዘንድ ይወደድ የነበረው ሁለቱንም ብርሃን ይሰጥ ስለ ነበረ ነው።

ብርሃኑ ለምግብ የሚፈለግ ሲሆንና የሶዲየም ወይም የሜታል ሃላይድ አምፑል ሲመረጥ፥ የባላስቱ ነገር ይመጣል። በእነዚህ አምፑሎች ውስጥ ያለው ጋዝ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ በኋላ ኤሌክትሪኩን ያለ ልክ ስለሚያሳልፍ፥ የሚገታው ከሌለ አምፑሉ ራሱን ያጠፋል። ባላስት ማለት የዚህ ፈረስ ልጓም ነው። የመዳብ ጥቅልና ብረት ያለበት አሮጌው ዓይነት ከባድ ነው፥ ያጉረመርማል፥ ይሞቃልም፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል ሲዋዥቅም ብርሃኑ አብሮ ይዋዥቃል። ሆኖም ማቀጣጠያው ወይም ካፓሲተሩ ቢበላሽ ማንኛውም የከተማ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይለውጠዋል። ዲጂታል የሚባለው አዲሱ ዓይነት ቀላል ነው፥ ጸጥ ያለ ነው፥ የሚያባክነው ኃይል ያነሰ ነው፥ ብርሃኑንም ለመቀነስ ያስችላል። ነገር ግን ድንገተኛ የኃይል መጨመርና ሙቀት ጠላቶቹ ናቸው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ዕቃውን እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም።

እኔ ኃይል በሚቆራረጥበት፥ ጠጋኝም በሩቅ በሆነበት ስፍራ ከባዱን ባላስት እመርጣለሁ። ይህን ስል አሮጌ ወዳጅ የሚሉኝ አይጠፉም። ሆኖም በየገጠሩ መጋዘን ተቃጥለው የተከመሩትን ቀላል ሣጥኖች ያየ ሰው ይረዳኛል።

ከሁሉ የሚብሰው ስሕተት አምፑሉንና ባላስቱን ለየብቻ፥ ዋጋው ካነሰበት ከየአቅጣጫው መግዛት ነው። የ400 ዋት አምፑል የሚሻው የ400 ዋት ባላስት ነው። አንዳንድ የሜታል ሃላይድ አምፑሎች በዲጂታል ባላስት ፈጣን ንዝረት ብርሃናቸው ይንቀጠቀጣል፥ ቶሎም ይበላሻሉ፤ ስለዚህ ሠሪው ለዲጂታል ባላስት የተስማማ ነው ብሎ ያልጻፈበት አይገዛ። የኛ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ መሆኑም አይዘንጋ። በአንድ የችግኝ ጣቢያ ለ60 ኸርዝ የተሠሩ ባለ መዳብ ባላስቶች ተሰቅለው አይቻለሁ። አምፑሎቹ ለጥቂት ሳምንት እጅግ ደምቀው ስለ በሩ ሁሉም ተደስቶ ነበር። ድምቀቱ ግን ከልክ በላይ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ኖሮ፥ ኋላ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው።

በጠርሙስ ውስጥ ለሚባዛው ችግኝ፥ ማለት ለድንቹ፥ ለሙዙና ለእንሰቱ ቲሹ ካልቸር፥ ይህ ሁሉ አይሻም። በቀን 16 ሰዓት ያህል የሚበራ፥ ሙቀቱ ያነሰ ነጭ ብርሃን ከመደርደሪያው በላይ ሲዘረጋ ይበቃል። እስካሁን ይህን ሲያገለግል የኖረው ፍሎረሰንት ነው። ሆኖም ሜርኩሪ ስላለበት፥ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 ባደረጉት ጉባኤ ረዣዥሞቹን ፍሎረሰንቶች መሥራትና መነገድ እስከ 2027 መጨረሻ እንዲቆም ወስነዋል። ስለዚህ ዛሬ አዲስ ክፍል የሚሠራ ሁሉ ኤል.ኢ.ዲ. ይስቀል። በኤል.ኢ.ዲ.ም ውስጥ ቢሆን ኃይሉን የሚያስተካክል ሣጥን አለና፥ ስለ ሙቀትና ስለ ድንገተኛ ኃይል የተነገረው ለእርሱም ይሠራል።

ይህ ነገር የላቦራቶሪ ሰዎች ጭንቀት ብቻ የሚመስለው ካለ፥ አጠውልግ እንሰቱን የጨረሰበትን ገበሬ ይጠይቅ። ንጹሕ ችግኝ የሚጠብቀው ከዚያ መደርደሪያ ነው። መብራቱ ለሳምንታት ሳይተካ ቢቀር ችግኙ ቀጥኖና ገርጥቶ ይወጣል፥ ማሣ ሲደርስም አይጸናም። ያን ጊዜ ገበሬው የሚወቅሰው ችግኙን እንጂ ባላስቱን አይደለም።

የግዢ ክፍሎች ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን የመምረጥ ልማዳቸው ለእስክሪብቶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዕቃ ግን በጨረታው ሰነድ ላይ ቮልቱና ኸርዙ፥ አምፑሉና ባላስቱ የሚስማሙ መሆናቸው፥ የሚችሉት የሙቀት ልክ፥ መለዋወጫውም በአገር ውስጥ መገኘቱ ይጻፍ። ሻጩ ሉመን ብቻ ቢጠቅስ አይበቃም፤ ሉመን የሰው ዓይን መለኪያ እንጂ የቅጠል መለኪያ አይደለምና። ክፍያው ከመፈጸሙም አስቀድሞ ከመጣው ዕቃ ጥቂቱ በሚሰቀልበት ቤት ውስጥ፥ በዚያው ኤሌክትሪክ፥ ሁለት ሳምንት በርቶ ይታይ።