ትንንሹን ዓሣ ማን ጨረሰው?

የዛሬው ንባባችን ስለ ዓሣ ነው። ቀስ ብለን እናንብብ።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። በውስጡ ቆሮሶ አለ፤ አምባዛም አለ። አምባዛ ጢማም ነው። በደፈረሰ ውሃ፣ በጨለማም ቢሆን በጢሙ ዳስሶ ምግቡን ያገኛል። የቆሮሶ ጫጩት ካገኘ ይውጣል።

ቆሮሶም ሞኝ አይደለችም። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች። ጫጩቶቹ የሚፈለፈሉት እዚያው ነው። ከወጡም በኋላ ጠላት ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ።

«ዓሣችንን የጨረሰው አምባዛና ወፍ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው ወይ? እስቲ ጎረቤታችንን አብጃታን እንይ። ፔሊካን የሚባለው ባለ ከረጢት ነጭ ወፍ በሻላ ደሴት ላይ እየፈለፈለ፣ ከአብጃታ ዓሣ እየበላ ብዙ ዘመን ኖረ። ዓሣው ግን አላለቀም። በኋላ ሰው ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ብዙ ውሃ ቀዳ። በ1970ዎቹ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካ መጣ። የአብጃታ ውሃ ሸሸ፤ ጨውና ሶዳው በረታ። ዓሣው ተመናመነ። ወፉም ምግብ ፍለጋ ወደ ሌላ ሐይቅ ሄደ።

በሩቅ አገርም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ፣ በኮሎምቢያ ወንዝ፣ ሳልሞን የሚባል ዓሣ አለ። ወንዝ ውስጥ ይወለዳል፤ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ለመራባት ይመለሳል። በወንዙ ላይ ግድቦች ተሠሩ። አንዱ በ1930 ዓ.ም. የተመረቀው ቦንቪል ነው። ውሃው በግድብ ሲተኛ የጫጩቶቹ ጉዞ ዘገየ። በግድቡ ሞተር አልፈው ደንዝዘው ሲወጡ፣ በላተኛ ዓሣ ታች ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ያን ዓሣ ለሚያጠምድ ገንዘብ ይከፈላል። ግን በላተኛው ዓሣ ድሮም ነበረ። ያልነበረው ግድቡ ነው።

በላንጋኖ ግድብ የለም። መረብ ግን አለ። ዓይኑ የጠበበ መረብ ከአምባዛ የባሰ በላተኛ ነው። አምባዛ ሲጠግብ ይተዋል፤ መረብ እኮ አይጠግብም። ጫጩት በአፏ የያዘችን እናት ያጠመደ፣ የከርሞውን ዓሣ አብሮ አጠመደ። ስለዚህ መረባችን ዓይነ ሰፊ ይሁን። ጫጩት የሚያድግበትን የዳር ሣር አንመንጥር።

ጥያቄ፦
1. ቆሮሶ ጫጩቶቿን የት ትደብቃለች?
2. የአብጃታ ዓሣ ለምን ተመናመነ?
3. የእናንተ መረብ ዓይኑ ምን ያህል ነው? ቤት ስትገቡ ለኩት።

አዳዲስ ቃላት፦ ጫጩት፣ መስኖ፣ ግድብ፣ ተመናመነ።