ሃርቫርድ ሲታገድ ቶሮንቶ የከፈተችው በር

ማታ ከማስጠናቸው የፎርም ፎር ተማሪዎች አንዱ ስልኩን ይዞ መጣና «ቲቸር፣ አሜሪካ ሃርቫርድን ዘጋችው እንዴ?» አለኝ።

አልዘጋችውም። የሆነው እንዲህ ነው። በሜይ 2025 የትራምፕ መንግሥት ሃርቫርድ የውጭ አገር ተማሪ የሚቀበልበትን ፈቃድ ሰረዘ፤ በማግስቱ ፍርድ ቤት ስረዛውን አገደው። ክርክሩ ሲቀጥል፣ በጁን ወር የሃርቫርዱ ኬኔዲ ትምህርት ቤት ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መንክ ትምህርት ቤት ጋር የመጠባበቂያ ዕቅድ አወጣ። ወደ አሜሪካ መመለስ ያልቻሉ ነባር ተማሪዎች ቶሮንቶ ተቀምጠው ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ ማለት ነው።

በአንድ ወር! እኔ እዚህ ካኩማ የአንድ ልጅ የዝውውር ወረቀት ከዚያ በላይ ጠብቄአለሁ። ግን ዕቅዱን ልብ ብላችሁ እዩት። አዲስ ሰው አያስገባም፤ ወንበር የነበረውን ሰው ከነወንበሩ ያዛውራል እንጂ። እኛ ደግሞ የሚዛወር ወንበር መጀመሪያውኑ የለንም።

ሁለቱም ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ፐብሊክ ፖሊሲና ዓለም አቀፍ ጉዳዮችን ነው። ልጁ «ፐብሊክ ፖሊሲ ምንድነው?» ሲለኝ «ቤታችሁ ስንተኛ ምድብ ነው?» አልኩት። «ሦስተኛ» አለኝ። ይኸው፣ ፖሊሲ ማለት እሱ ነው። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ቤተሰብ ሁሉ ከ1 እስከ 4 ተመድቦ ሬሽን የሚታደለው ገንዘብ ስላነሰ ነው፤ ማን ይርዳው፣ ማን ራሱን ይቻል የሚለው የተለየው ግን በመጠይቅና በሠንጠረዥ ነው። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ሁለት ዓመት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው፤ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ በጀት፣ ለባለሥልጣን የሚቀርብ አጭር ማስታወሻ አጻጻፍ። አንዲት ሴት ምጣድ ስላላት «ነጋዴ» ተብላ ትመዘገባለች እንበል። ዱቄቱ ከሱማሌው ሱቅ በዱቤ የመጣ መሆኑን ለመጠየቅ የሚያስበው ግን በባምባ ቻኩላ ኖሮ የሚያውቅ ሰው ነው። መጠይቁ ሲዘጋጅ እንዲህ ያለ ሰው ጠረጴዛው ላይ ቢኖር ደስ ይለኛል።

የሚገርመው፣ መንክ ትምህርት ቤት ራሱ በስደተኛ ስም የተሰየመ ነው። ፒተር መንክ በ1927 ቡዳፔስት ተወለደ፤ በ1944 ከቤተሰቡ ጋር ከናዚ አምልጦ ስዊዘርላንድ ገባ፤ በ1948 ቶሮንቶ ደርሶ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማረ። በኋላ ባሪክ የተባለውን የወርቅ ኩባንያ መሠረተ፤ በ2010 ለትምህርት ቤቱ 35 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ሰጠ። ቅዱስ ላደርገው አይደለም። በታንዛኒያ የሰሜን ማራ ማዕድን አካባቢ ያሉ ነዋሪዎች ኩባንያውን ከስሰው ለንደንና ካናዳ ድረስ ሄደዋል። ቢሆንም ያኔ ለአንድ ስደተኛ ወጣት በር ተከፍቷል።

ዛሬስ? በዓለም ላይ ካሉ ስደተኛ ወጣቶች ከፍተኛ ትምህርት ላይ ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ግቡ በ2030 15 በመቶ ማድረስ ነው። ከዚህ ወደ ካናዳ የሚወስደው የታወቀ መንገድ የካናዳው ዓለም አቀፍ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ እኛ «ውስክ» የምንለው ነው። ከ1978 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን ወጪውን በብዛት የሚሸፍኑት የካናዳ ተማሪዎች ከክፍያቸው ጋር በየራሳቸው በሚያዋጡት ጥቂት ዶላር ነው። (ይህም ፖሊሲ ነው፤ ተማሪዎች ድምፅ ሰጥተው ያጸደቁት።) የሚሄደው ልጅ የሚደርሰው በቋሚ ነዋሪነት ስለሆነ የቪዛ ጣጣ የለበትም።

እዚህ ላይ በሰፈር የሚወራውን ላስተካክል። ካናዳ ከኖቬምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ መቀበል ያቆመችው የአምስት ሰዎች ቡድንና የማኅበረሰብ ድርጅቶች የሚያስገቡትን የስፖንሰር ማመልከቻ ነው። ውስክ የሚሠራው በሌላ ስምምነት ነው። «ተዘግቷል፣ እኔ በጓሮ አስገባሃለሁ» ብሎ ሽልንግ የሚጠይቃችሁን ደላላ አትስሙ።

እውነቱን ልናገር፣ በውስክ የሚገባው ለመጀመሪያ ዲግሪ ነው። የመንክና የኬኔዲ የማስተርስ ትምህርት የሚቀበለው ዲግሪ የያዘ ሰው ነው፤ የሥራ ልምድ ያለው ደግሞ ይመረጣል። አራት ዓመት፣ ጥቂት ሥራ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት። የልጁ እናት ይህን ሲሰሙ «ነርሲንግ ይማር፤ ቶሎ ደሞዝ ያመጣል» አሉ። አልተከራከርኳቸውም። ምድብ 3 ውስጥ ሆኖ ስምንት ዓመት ጠብቁ ማለት ለእኔም ይከብደኛል። ግን ለልጁ ለብቻው፣ ከነርሲንጉ ጎን ስታቲስቲክስ የሚያገኝበትን ኮርስ አትለፍ ብዬዋለሁ።

አሁን የሁለታችንም ችግር ስዋሂሊ ነው። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነው፤ አማካይ ውጤቱን የሚጎትትበት ስዋሂሊው ነው። እኔንም የጎተተኝ እሱ ነበር። በየማታው አንድ ኢንሻ እንጽፋለን፤ ትናንት ያሳረምኩት ላይ አሥራ አራት ስሕተት ነበረው፤ ባለፈው ሳምንት ሃያ ሁለት ነበር።