ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር፤ ማን አየው?

የዩኒቨርሲቲ ግቢ ማስታወቂያ ሁለት ዓይነት ነው፤ ተማሪ ለተማሪ የሚጽፈው እና ቢሮ ለተማሪ የሚጽፈው። የመጀመሪያውን ካፌ በር ላይ፣ ላይብረሪ ግድግዳ ላይ፣ የዶርም ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ። «መታወቂያ ጠፍቶብኛል፤ ያገኘ ሰው ብሎክ ይህ፣ ዶርም ቁጥር ይህ፣ ስልክ ይህ፤ ወሮታውን እከፍላለሁ።» ወይም «ላፕቶፕ የሚሸጥ፤ ባትሪው አንድ ሰዓት ብቻ ይይዛል፣ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው።» ሦስት መስመር ናት፤ ግን ምን፣ የት፣ ማን የሚለው ሁሉ አለባት። መታወቂያ የጠፋበት ልጅ በር ላይ ይቸገራል፣ ካፌም ይቸገራል። ስለዚህ መረጃ የሚያጎድልበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የሚመለከታችሁ ተማሪዎች በሙሉ እስከ ዓርብ ድረስ ቀርባችሁ ቅጹን እንድትሞሉ እናሳውቃለን። በተባለው ጊዜ ያልቀረበ ተማሪ አይስተናገድም።» የትኛው ዓርብ? የትኛው ቅጽ? እኔን ይመለከተኛል ወይስ አይመለከተኝም? ቀን የለውም፣ ስልክ የለውም፣ የቢሮ ቁጥር የለውም። ማህተም ግን አለው።

ይህን የምጽፈው በቢሮ አማርኛ ለመቀለድ አይደለም (ቢያስቀልድም)። ኢኮኖሚክስ ተምሬ እንደወጣሁ ሰው ነገሩ የሚታየኝ በወጪ ነው። ጆርጅ ስቲግለር የሚባለው አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ መፈለግ ራሱ ጊዜና ገንዘብ የሚበላ ሥራ መሆኑን አሳይቷል። ግቢ ውስጥ ጥያቄው ያንን ወጪ ማን ይሸከም የሚለው ነው። ጽፈው የሚለጥፉት ሰዎች ቀኑንና የቢሮ ቁጥሩን ለመጨመር አንድ ደቂቃ ቢያጠፉ፣ መቶ ተማሪ ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም ነበር። አሁን ግን እነሱ አንድ ደቂቃ ይቆጥባሉ፣ እኛ ግማሽ ቀን እንከፍላለን።

አይችሉም እንዳንል ደግሞ ሲፈልጉ ይችሉበታል። በየዓመቱ ለፍሬሽ ተማሪዎች የሚወጣውን የጥሪ ማስታወቂያ አስታውሱ። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። የትራስ ልብስ እንኳን አልተረሳም! ልጁ አንዴ ግቢ ከገባ በኋላ ነው ዝርዝሩ የሚጠፋው።

ቀንና ሰዓት ሲጻፍም ሌላ ጣጣ አለ። የትምህርት ካላንደሩ በእንግሊዝኛና በፈረንጅ አቆጣጠር ይወጣል፣ በር ላይ የሚለጠፈው ደግሞ በእኛ። በመስከረም 12 እና በሴፕቴምበር 12 መካከል 10 ቀን ወይም 11 ቀን ልዩነት አለ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ላይ «4:00 ሰዓት» ሲባል ረፋድ ነው ወይስ ከሰዓት በኋላ? በአበሻ ሰዓት ከሆነ የፈረንጆቹ 10:00 ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ የእኛ 10:00 ነው። ክፍል ውስጥ ተጨቃጭቀን በድምፅ ብልጫ የወሰንንበት ጊዜ አለ። ፈተና ሲሆን ግን በድምፅ ብልጫ አይሆንም።

ከሁሉ የሚያናድደኝን ልንገራችሁ። የዶርም ጓደኛዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ታሞ ዊዝድሮው አድርጎ ወደ ቤተሰቦቹ ሄደ፤ ገጠር ነው፣ ስልኩም ኢንተርኔት የማታውቅ ትንሽ ስልክ ነበረች። በዓመቱ ለመመለስ የሪአድሚሽን ማመልከቻ ማስገባት ነበረበት። ማስታወቂያው የተለጠፈው የት መሰላችሁ? የግቢው ሬጅስትራር በር ላይ። ሪአድሚሽን የሚጠይቅ ተማሪ እኮ በትርጉሙ ግቢ ውስጥ የሌለ ተማሪ ነው! እኛም የእኛ ጉዳይ ስላልነበረ አላየነውም። ልጁ ከሰው ሰምቶ ሲደርስ ሦስት ቀን አልፏል። መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ማስታወቂያው ተለጥፎ ነበር።» ሌላ አንድ ዓመት ቤቱ ተቀመጠ። እኛ ስንመረቅ እሱ ገና ግቢ ነበር። ይህ ዓመት በየትኛውም መዝገብ ላይ እንደ ወጪ አልተጻፈም፤ አባቱ ግን ከፍለውታል።

«መንግሥት በነፃ እያስተማራችሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። በነፃ አይደለም። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮስት ሼሪንግ አለ፤ ደንቡ ሲወጣ የምግብና የመኝታው ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ በተማሪው ላይ እንዲሆን አድርጓል። ይህን ዕዳ የምንፈርመውም በማስታወቂያ ነው፦ «ኮስት ሼሪንግ ያልሞላችሁ ቶሎ ሙሉ።» የሕይወታችን የመጀመሪያው የብድር ውል አንድ መስመር ማስታወቂያ ደረሰው፤ አብዛኞቻችንም ሰልፉ ላይ ቆመን የጓደኛ ጀርባ ላይ ደግፈን ፈረምነው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በ30 ቀን ሲሰላ 3,000 ብር ነው። ካፌ ልሁን ወይስ ነን-ካፌ ብሎ የሚመርጥ ልጅ የሚወስነው በዚህን ያህል ብር ላይ ነው፤ የመምረጫው ቀን ካለፈበት ግን የፈለገውን ሳይሆን ያለበትን ይዞ ይቀጥላል።

አሁን ሁሉም ነገር ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ችግሩ አልቋል የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ለጓደኛዬ ስማርት ስልክ ቢኖረው ኖሮ ይደርስ ነበር። ግን ቴሌግራም የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስም ብዙ ቻናል አለ፤ የትኛው የግቢው፣ የትኛው ማስታወቂያ እየሸጠ የሚኖር ልጅ እንደሆነ ለፍሬሽ አይታወቀውም። «አስቸኳይ» ይልና ስትከፍቱት የሌላ ቻናል ሊንክ ነው። የመውጫ ፈተና ሰሞንማ አይጣል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ስለሚፈተንና ማለፊያው 50 በመቶ ስለሆነ፣ ፈተናው ተራዘመ የምትል አንዲት ስክሪንሾት ብቻ ዶርሙን በሙሉ እንቅልፍ ትነሳለች።

ደግሞ ግድግዳ ላይ ያለ ወረቀት ቢያንስ ትናንት ያለውን ዛሬም ይላል። ቴሌግራም ላይ ቀኑ ማታ ይቀየርና ጠዋት «አላየህም እንዴ?» ትባላለህ። ዋይፋይ ከሌለና ፓኬጅ ካለቀ ደግሞ ያው ነው።

ይህን ሁሉ ክፍተት የሚሞላው የሴክሽን ተወካይ ነው፤ ደመወዝ የሌለው፣ እኩለ ሌሊት ላይ «ነገ ክላስ አለ?» እየተባለ የሚደወልለት ልጅ። ጎበዝ ተወካይ ያለው ሴክሽን ምንም አያመልጠውም፤ ሰነፍ ከደረሰባችሁ አለቀላችሁ። የአንድ ተማሪ ዓመት በዚህ ዕድል ላይ መንጠልጠል የለበትም ባይ ነኝ።

የምጠይቀው ብዙ በጀት አይደለም። ማስታወቂያው ላይ የወጣበት ቀን፣ ማንን እንደሚመለከት፣ የቢሮ ቁጥርና የሚነሳ ስልክ ይጻፍ። ሰዓቱ ጠዋት ወይም ከሰዓት ይባል፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይቀመጥ። አንድ ቻናል ይፋዊ ተብሎ በየዲፓርትመንቱ በር ላይ ስሙ ይለጠፍ፣ ወረቀቱም አይቅር። ቀነ ገደቡ ከተለጠፈበት ቀን ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን ይቆጠርለት። ግቢ ውስጥ ለሌለ ተማሪ ደግሞ ፎርም ሲሞላ በሰጠው ስልክ ቴክስት ይላክለት። ያቺ ትንሽ ስልክ ቴክስት ትቀበላለች።

እስከዚያው ግን እናንተም ዝም አትበሉ። ሦስተኛ ዓመት እያለን እኔና የሴክሽናችን ተወካይ ቀን የሌለው ማስታወቂያ ይዘን ሁለት ጊዜ ቢሮ ገብተናል። የመጀመሪያ ጊዜ «ማንበብ አትችሉም እንዴ?» ተብለን ወጣን። በሁለተኛው ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት፣ «ውይ፣ እውነትም የለውም» አሉና እስክሪብቶ አውጥተው ጻፉበት።